የጋሼ ሐጎስን የኮንክሪት ዳገት ለማየት

ሰኞ ማለዳ ከደሴ ስነሳ ወገቤን ያመኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ደክሞኝ ነው የሰነበትኩት። በማዘጋጃ ቤታችን የመንገድ ክፍል መሐንዲስ ነኝ፤ እንደኛ ባለ ዳገታም ከተማ ይህ ሥራ ማለት ክረምት በመጣ ቁጥር የአምናውን ጉድጓድ እንደገና መድፈን ማለት ነው። በተለይ ከመናኸሪያው ወደ ጤና ጣቢያው የሚወጣው ዳገት አስመርሮናል። አስፋልት እናለብሰዋለን፣ ክረምቱ ይልጠዋል። ባለፈው ሐምሌ ምጥ የያዛት ሴት የጫነ ባጃጅ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ሴትየዋ ተረፈች፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው ዘላቂ ነገር ይሠራልን ብሎ ተነሳ። አንድ ሥራ ተቋራጭም መጥቶ ዳገቱን በኮንክሪት እንሥራው አለ፤ ቤት በሚሠራበት በሲሚንቶ፣ በአሸዋና በጠጠር ማለቱ ነው። "አንዴ ከተሠራ ወዲያ ማንም አይነካውም፣ የልጅ ልጆቻችሁ ይሄዱበታል" አለን። ስብሰባው ሲያልቅ ኃላፊዬ ወደ ጎን ጠራኝና "ሰዓዳ፣ ለመሆኑ ያረጀ የኮንክሪት መንገድ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

አላየሁም። አዲስ ሲሆንማ ሁሉም መንገድ ያምራል። ያረጀውን ግን የት ሄጄ አየዋለሁ? ስለ አንድ ብቻ ሰምቼ አውቃለሁ። ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ስጀምር አለቃዬ የነበሩት ኢንጂነር ሐጎስ በጉልምስናቸው አዲስ አበባ ቂርቆስ ውስጥ፣ ከላንቻ በላይ ከመጋዘኖች ጀርባ፣ ከባድ መኪና የሚወጣበት አንድ ዳገት በኮንክሪት ሠርተው ነበር። ደወልኩላቸውና "ጋሼ፣ መንገዱ አሁንም አለ?" አልኳቸው። "አለ ይላሉ" አሉኝ። "እርስዎ አላዩትም እንዴ?" ስላቸው "ነይና አብረን እናየዋለን" ብለው ዘጉት።

የደሴና የአዲስ አበባን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ደግሞ አድካሚ ነው ብዬ ልለፈው። በየኬላው ወርደን ተፈተሽን፣ ተሳፈርን፣ እንደገና ወረድን። ከሚሴ ላይ ሙቀቱ፣ ጣርማ በር ላይ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ምሳ ስንበላ ሻይ አዘዝኩና ቅመም የሌለው ሆነብኝ፤ የኛ አገር ሻይ ቅመሙ ገና ከሩቅ ይሸታል። እኔ ግን ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አልተነሳም። የሥራ በሽታ ነው። ሰው ተራራውን በመስኮት ሲያይ እኔ ጎማ የበላውን አስፋልት ሳይ ላምበረት መናኸሪያ ገባን።

ካዛንችስ ስደርስ እያካፋ ነበር። ለሥራ በመጣሁ ቁጥር የማድርበት ፔንሲዮን አለ፤ ወይም ነበር። ከታክሲ ወርጄ በለመደው እግሬ ሄድኩና ቆርቆሮ አጥር ፊት ለፊት ቆምኩ። ከአጥሩ ወዲያ ደልዳላ መሬት ብቻ ነው ያለው። ፔንሲዮኑ የለም፣ አጠገቡ የነበረው ሥጋ ቤት የለም፣ ጥግ ላይ የነበረው ፎቶ ቤት የለም። የፈረሰው ፈርሶ፣ በሌላው በኩል ሰፊ መንገድ፣ አበባና የሚያብረቀርቅ መብራት ተተክሏል። እኛ ከተማ አንድ ቤት ለማፍረስ ስንት ሽምግልና ይጠይቃል! እዚህ ሰፈሩ ራሱ ተነስቶ ሄዷል። የሻንጣዬ ማንጠልጠያ እዚያው ላይ ተበጠሰ። ዝናቡ በአንገቴ እየገባ እዚያው ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ ጋሼ ሐጎስ ደወልኩ። ያነሱት ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ናቸው።

"የት ነሽ?"

"እዚሁ ካዛንችስ፣ ድሮ ፎቶ ቤቱ የነበረበት ቆርቆሮ አጥር ጋ ነኝ። ማደሪያ አጥቼ ነበር፣ ሌላ ፔንሲዮን ከጠቆሙኝ ብዬ ነው።"

"ፔንሲዮን? እኛ እያለን? ንቅንቅ እንዳትዪ፣ እዛው ቁሚ!"

ጥቂት ቆይተው ዣንጥላ ይዘው መጡ። ሻንጣዬን ልሸከም ብለው ታገሉኝ፤ እኔም ታገልኳቸው፤ በመጨረሻ ሁለታችንም አንድ አንድ ጫፍ ይዘን ገባን።

ቤታቸው ካልፈረሱት ጥቂት ቤቶች አንዱ ነው። እነሱም ወሩ ሲያልቅ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ይሄዳሉ። ዕቃው በማዳበሪያና በካርቶን ታስሮ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጋሼ ሐጎስ ከካርቶኖቹ መሐል ከወንበራቸው በከዘራ ተነሱ። ድሮ ገደል ለገደል ይሮጡ የነበሩ ሰው አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

"ሰዓዳ! አርጅተሻል እኮ!" አሉኝ እየሳቁ።

"እርስዎ ደግሞ ምንም አልተለወጡም ጋሼ።"

"ውሸት ከደሴ ድረስ ተሸክመሽ መጣሽ?"

እራት ሲቀርብ እትዬ ለተብርሃን አጠገቤ ቁጭ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሽሮና እንቁላል ነው። ድስቱም መጥበሻውም አዲስ ነው፣ ለአዲሱ ቤት ብዬ ገዝቼው ካርቶኑን ዛሬ ላንቺ ከፈትኩት። ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ በደንብ ብዪ" አሉኝ። ሙስሊም በመሆኔ በየሰው ቤት ስንት ጊዜ ማስረዳት አለብኝ! እዚህ ሳልናገር ተነገረልኝ። በልቼ ስጨርስ ዓይኔ ራሱ ተከደነ።

ማክሰኞ ጠዋት ከጋሼ ሐጎስ ጋር ወጣን። ባለቤታቸው "በዚህ ጉልበትህ የት ልትወጣ ነው?" ብለው በር ላይ ተቆጧቸው፤ እሳቸው በትግርኛ አንድ ነገር መለሱና ከዘራቸውን አነሱ። በመስቀል አደባባይ በኩል አልፈን በሌላ ታክሲ ወደ ላንቻ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ጋሼን ሰው እያስቀደማቸው፣ እሳቸው "የለም፣ ተራዬን" እያሉ የበለጠ አስቆዩን።

ታክሲው ከዳገቱ አናት አወረደን። ከማውቀው መንገድ ሁሉ የተለየ ነበር። ግራጫ ነው፤ እንደ ወለል ንጣፍ አጠገብ ለአጠገብ የተነጠፉ ሰፋፊ የኮንክሪት ገበታዎች ናቸው፣ በየመሐላቸው ቀጭን መጋጠሚያ አለ። ብዙ ዓመት ጎማ ስለተመላለሰበት ፊቱ ተልጎ ጠጠሩ ወጥቷል። ግን ገበታዎቹ እኩል ናቸው። ጭነት የያዘ መኪና እያጓራ ሲወጣ መንገዱ አንዳችም አልተንቀሳቀሰም። በኛ ዳገት ቢሆን አስፋልቱ በጎማው ልክ ይዘቅጥ ነበር። ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኩት። ከደሴ የመጣሁበት ድካም ለቅጽበት የለቀቀኝ መሰለኝ።

"ጋሼ፣ ይሄማ ገና አዲስ ነው!"

እሳቸው ወደ ታች እያዩ ነበር።

ወደ መሐል ስንደርስ ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ በታች ያሉት ገበታዎች ማዕዘናቸው ተሰብሯል፣ አንዱ ከሌላው በላይ እንደ ደረጃ ተነስቷል። መኪና ሲያልፍ ገበታው ዝቅ ይልና ከመጋጠሚያው ጭቃ ውሃ ፊጭ ይላል። አንድ ቦታ ላይ ቧንቧ ለማሳለፍ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጦ በአፈር የተደፈነ ነበር። ጋሼ ሐጎስ አንድ ግንብ ላይ ቁጭ አሉ።

"ሰዎች ተሰባብሯል ሲሉኝ ሰምቼ ነበር" አሉኝ። "ስለዚህ ነው መጥቼ ያላየሁት። በእግሬ የምመጣበት ጊዜም ነበር፤ ጉልበቴ ደህና ነበር።"

"ለምን አልመጡም?"

"ይሄን የታችኛውን ስናፈስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ማስቆም ነበረብኝ። ኮንክሪቱ ተቦክቶ መኪና ላይ ነው፣ ሰው ይጣደፋል፣ ሸራ አልብሱት ብዬ እንዲቀጥሉ አደረግሁ። ውሃ ገባበት ሰዓዳ። አየሽው፤ የላይኛውን በደረቅ ቀን ያፈሰስነው ደህና ነው፣ የዝናቡ ቀን ይኸው።"

ባየሁት ነገር እሳቸው የሚሉት ሊሆን ይችል ነበር። ለኔም ጥያቄው ይሄው ነው፤ የኮንክሪት መንገድ እንዲህ የሚሆነው ራሱ ኮንክሪቱ ስለሚደክም ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? ይህን ሳላውቅ ደሴ ገብቼ ለዚያ ሁሉ ሰው ምን ልለው ነው? ከመንገዱ ናሙና ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ ያለው ሰው በስልክ አዘጋጅቼ ነበር። ጠበቅነው። ደወልኩ፤ "ጄኔሬተሩ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ማለቴ... ነገ በጠዋት በቃ ያለ ጥርጥር" አለኝ። ጋሼን ደግፌ ዳገቱን መልሰን ወጣን። ጫማዬ ውሃ ገብቶበት ነበር። ማታ እራት እንደበላሁ በጊዜ ተኛሁ።

ረቡዕ ባለመሣሪያው ጭራሽ ስልኩን ዘጋ። ቢሆንም ሄድን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን? ከታክሲው ሳንወርድ ድምፁን ሰማነው። ዳገቱ አናት ላይ መዶሻ የተገጠመለት ኤክስካቫተር ቆሞ ኮንክሪቱን ይሰብራል። ለፍሳሽ መስመር ዳገቱን ከላይ እስከ ታች ሊቆፍሩት ነው። ሌላ ቡድን ደግሞ በትንሽ ማሽን ከታች ጀምሯል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁለት ነገር ዓይኔ እያየ ይፈርሳል። ጋሼ ሐጎስን ለማየት ፈራሁ።

እሳቸው ግን ወደ ማሽኑ ቀርበው ለኦፕሬተሩ በከዘራቸው ምልክት ሰጡት። ወጣት ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ በላብ ተነክሮ ወረደ።

"ፋዘር፣ እዚህ ጋ አይቁሙ፣ ፍንጣሪ አለው" አላቸው።

"እንዴት ነው ሥራው?"

"ሥራ ነው ይሄ? ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገበታ አልጨረስኩም። የመዶሻውን ጫፍ በላው እኮ! ስንት መንገድ ሰብሬያለሁ፣ እንዲህ ያሰቃየኝ የለም። ማን ነው ይሄን የሠራው ግን? ባገኘው..."

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ ሐጎስ።

ልጁ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ሙድ እየያዙብኝ ነው አይደል?"

"የምራቸውን ነው፣ እሳቸው ናቸው" አልኩት።

"ኧረ ፋዘር! ይቅርታ!" ብሎ ራሱን ያዘ፤ ከዚያ ሳቀ። "አንድ ነገር ልንገርዎት? ቤት ቢሠሩልኝ ደስ ይለኛል።"

ጋሼ ፈገግ አሉ። ግን ብዙም አልቆየም፤ ከታች ያለው ማሽን ገና አንዴ ሲመታ ገበታው ተደርምሶ ሲወድቅ ሰሙ። አንድ ምት፣ ከዚያ ግም። እንደገና አንድ ምት፣ ግም። የላይኛው ለግማሽ ቀን ሲታገል፣ የታችኛው እንደ ብስኩት ይሰበራል። ፊታቸው ጠቆረ። "ሰማሽ?" አሉኝ። "በቃ፣ እንሂድ።"

"ጋሼ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ" ብዬ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዳገት ቁልቁል መሮጥ ለወገቤ ጥሩ አይደለም። የታችኞቹን ሠራተኞች ለምኜ ማሽኑን አስቆምኩና ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። ከተሰበረው ኮንክሪት አንድ ቁራጭ አንስቼ በውሃ አጠብኩት። ደካማ ኮንክሪት ሲሰበር ስንጥቁ ጠጠሩን እየዞረ ያልፋል፤ ጠጠሩ ሙሉውን እንደ ጥርስ ተነቅሎ ይወጣል። ይህኛው እንደዚያ አልነበረም። ስንጥቁ ጠጠሩን ራሱን ለሁለት ከፍሎ ነው ያለፈው። በሠራተኞቹ መዶሻ ስመታው እንደ ብረት ጮኸ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ገና ያልተሰበረውን ገበታ ከሥሩ አየሁት። አፈር የለም። እጄን ሰደድኩ፤ እስከ ብብቴ ገባ። ከዚያ ከተቆረጠው የቧንቧ ቦታ የሚመጣ ውሃ በቀስታ ይፈሳል፤ ዓመት በዓመት አፈሩን እያጠበ ወስዶታል። ገበታዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ነው ያን ሁሉ ጭነት ሲሸከሙ የኖሩት፤ በአንድ ምት የሚደረመሱትም ለዚህ ነው። የላይኛው በኩል በጎኑ የውሃ ቦይ አለው፤ ታች በኩል ቦዩ በቆሻሻና በአፈር ተደፍኖ የት እንደነበረ እንኳን አይለይም። በገበታዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ የሚሞላው ጥቁር ማጣበቂያም ከተሠራ ጀምሮ ማንም መልሶ አልሞላውም።

ቁራጩን ይዤ ወጣሁ። ከላይ ከተሰበረውም አንድ ቁራጭ ለመንኩና ሁለቱን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በጠበቁኝ በጋሼ ሐጎስ ጭን ላይ አስቀመጥኳቸው።

"የቱ ነው የዝናቡ ቀን?" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አንዱን አገላበጡ፣ ሌላውን አገላበጡ። በጣታቸው የተከፈለውን ጠጠር ዳሰሱ። መለየት አልቻሉም።

"ኮንክሪቱ አይደለም ጋሼ። ሥሩ ነው የሄደው። ውሃ ነው የወሰደው።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

"ዝናቡ ምንም አላደረገውም። ሸራው ሠርቷል።"

ማሽኑ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ባለቤታቸው ጋ ደወሉና በትግርኛ አወሩ፤ ከሰማሁት የገባኝ "ዝናብ" የምትለዋ ቃል ብቻ ናት፤ ደጋግመው አሏት። የሠራው መንገድ ዓይኑ እያየ ሲፈርስ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ደስታ ብቻ ግን አልነበረም፤ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወደ ላይኛው ግማሽ አይተው "ይሄስ ገና ብዙ ይኖር ነበር" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ማታ እትዬ ለተብርሃን ጭቃ የጠጣውን ጫማዬን አጥበው፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ግድግዳ ሥር አስቀመጡልኝ። ጋሼ ከተኙ በኋላ "ክረምት ሲሆን እንቅልፍ የለውም ነበር" አሉኝ። "ጣሪያው ላይ መታ መታ ሲያደርግ ይነሳል፣ መስኮት ጋ ይቆማል። ምን ሆነሃል ስለው አይነግረኝም። እኔ የምንሄድበት ቤት አስጨንቆት ይመስለኝ ነበር።" ከዚያ ዕቃ ማሰራቸውን ቀጠሉ፤ እኔም ጥቂት አገዝኳቸው። ሳህኖቹን በጨርቅ ጠቀለልን።

ሐሙስ ተመለስኩ። ጋሼ በር ድረስ ሸኙኝ። "ለሰዎቹ ምን ልትያቸው ነው?" ሲሉኝ "ያየሁትን" አልኳቸው። "የሚወዱት አይመስለኝም" አሉ። እትዬ ለተብርሃን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥረው፣ የተበጠሰውን የሻንጣዬን ማንጠልጠያ በሲባጎ ሰፍተው ሰጡኝ። ሁለቱ የኮንክሪት ቁራጮች ሻንጣውን አክብደውት ነበር። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ከፈተውና ቀና ብሎ አየኝ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ኮንክሪት ነው።"

"ወዴት ነው የምትወስጂው?"

"ደሴ።"

"ደሴ ድንጋይ ጠፋ?" አለና አውቶቡሱን ሙሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም።

በቀጣዩ ሰኞ ስብሰባው ተጠራ። የሰፈሩ ሰው አዳራሹን ሞላው፤ ሥራ ተቋራጩም ፊት ወንበር ላይ ነበር። ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና እንዳየሁት ተናገርኩ። ኮንክሪቱ ጥሩ ነው፣ ከአስፋልታችን በጣም ይበልጣል አልኩ። ግን "ማንም አይነካውም" የሚባለው ልክ አይደለም፤ መጋጠሚያው በየጊዜው ይሞላል፣ ቦዩ ይጠረጋል፣ ለቧንቧ የሚቆርጠው ሰው በደንብ መልሶ ይዘጋል። ይህ ካልሆነ ፊቱ ደህና መስሎ ሥሩ ባዶ ይሆናል። የኛ ዳገት ደግሞ ከተራራው የሚወርደውን ውሃ ሁሉ የሚቀበል ነው፣ ቦይ የሚባል ነገር የለውም። ዘንድሮ ኮንክሪት ካፈሰስንበት ያንን ሥሩ የታጠበውን የታችኛውን ግማሽ ነው መልሰን የምንሠራው። ሁለቱን ባንድ ዓመት ለመሥራት በጀታችን አይበቃም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ቦዩ ይሠራ፣ ኮንክሪቱ ለከርሞ ይቆይ አልኩ።

ሥራ ተቋራጩ "ኢንጂነሯ አንድ የተበላሸ መንገድ አይታ ነው" አለ። ኃላፊዬ "አንተ ያየኸው ያረጀ የቱን ነው?" ብሎ ጠየቀው።

ግን ያስጨነቀኝ እሱ አልነበረም። ከኋላ አንድ አስተማሪ ተነሳ፤ ዳገቱ ላይ የሚኖር ሰው ነው።

"ማለት ዘንድሮም በጭቃ ነን?"

"አዎ" አልኩት። "ዘንድሮም በጭቃ ናችሁ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታ ሄደች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ቁጭ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስተማሪው ግን አልተቀመጠም። ወደ ጠረጴዛው መጥቶ አንዱን ቁራጭ አነሳና ከብዶት በሁለት እጁ ያዘው፣ አገላበጠውና መለሰው።

"ቦዩ መቼ ይጀመራል?" አለኝ።

"ቅዳሜ።"

ቅዳሜ ጠዋት በማዘጋጃ ቤቱ መኪና አካፋና ዶማ ጭነን ስንደርስ ዳገቱ ላይ ሰው ነበር። አስተማሪው ሱሪውን ሰብስቦ ገብቷል፣ ከስብሰባው ወጥታ የሄደችው ሴት ድንጋይ ታቀብላለች። መስመሩን ሳናሰምርላቸው ነበር የጀመሩት፤ ቦዩ ጠማማ ነበር፤ ወርጄ ቀጥ አደረግሁላቸው።